ቢራቢሮና የጠቆረ ሙዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ያለው ግቢዬ ውስጥ የጠቆረ ሙዝ በሰሃን ተንጠልጥሎ ያየ እንግዳ ሁሉ «ዝንብ ልታረባ ነው?» ይለኛል። ቢራቢሮ እየጠራሁ ነው ስል ይስቃል። ከዚያ ክርክር ይጀመራል።

«ቢራቢሮ የሚኖረው በአበባ ነው»

ብዙዎቹ አዎ። ግን አበባን ዞር ብለው የማያዩም አሉ። ሳይንሱ ቻራክሰስ የሚላቸው ትልልቅና ፈጣን ቢራቢሮዎች የበሰበሰ ፍሬና ከዛፍ ግንድ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ፍለጋ ይመጣሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እበት ላይም ያርፋሉ።

«ፍሬው ትኩስና ያማረ ይሁን»

ተቃራኒው ነው። የቢራቢሮ አፍ እንደ ስትሮ ያለ ጥቅልል ቱቦ ነው። መንከስ አይችልም፤ ያልተላጠ ሙዝ ለእሷ ድንጋይ ነው። ከሩቅ የሚጠራት የሚፈላ ፍሬ ሽታ ነው። እኔ የጠቆረ ሙዝ እጨፈልቅና አንድ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ የጠላ አተላ እጨምርበታለሁ። ጠላ የማይጠመቅበት ቤት የዳቦ እርሾ ይበቃል። እንዲፈላ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ክዳኑን ግን አታጥብቁት! አንዴ አጥብቄው ሙዙን ከግድግዳ ላይ ስፍቅ ውያለሁ። ጉንዳን እንዳይደርስበት ደግሞ የሰሃኑን ገመድ ቫዝሊን ቀቡት።

«ሽታው ሁሉንም ይጠራል»

ነጮቹና ቢጫዎቹ ቢራቢሮዎች ለሙዝ ብዙም ደንታ የላቸውም። እነሱ እርጥብ ጭቃ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጨው ፍለጋ ነው፣ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። አንድ ጥግ አሸዋ አርጥባችሁ ቆንጠር ያለ ጨው ጣል አድርጉበት።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ቢራቢሮ አይመጣም»

ይመጣል፣ አርፍዶ። ቢራቢሮ ለመብረር ፀሐይ መሞቅ አለባት። ጦሳ ተራራ ሥር ያላችሁ ሰሃኑን ከነፋስ ከልላችሁ የረፋድ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ስቀሉት።

«አባጨጓሬ ሎሚዬን ሊጨርሰው ነው፣ መድኃኒት ልርጭ»

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሰው በአንድ እጁ ሙዝ ሰቅሎ በሌላው መርዝ ይረጫል። ሎሚና ብርቱካን ላይ የምታገኙት አባጨጓሬ ብዙ ጊዜ የዚያች ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። እንደ ጠጉራሞቹ አያሳክክም። ትልቅ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይሞትም። ችግኝ ላይ ካገኛችሁት ለቅማችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሩት። ሲነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካንማ መንታ ቀንድ ያወጣል፤ ሽታው አይጣል ነው። የጎረቤቴ ልጅ ያንን ቀንድ ለማየት ስንጥር ይዞ ሎሚዬ ሥር ነው የሚውለው።