«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ»፦ ትርጉሙና የሚያነሳው ጥያቄ

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንዱ የገዛ ሥራውን ሲያወድስ፣ ወይ ከድግሱ ደህና ደህናውን ወደ ራሱ ሳህን ሲስብ፣ ወይ ኮሚቴ ገብቶ የራሱን ሰፈር ሲያስቀድም፣ አጠገቡ ያለው ፈገግ ብሎ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ በሳቅ ያልፋል። እኔ ግን ስለ ፍትሕ ከተነገሩት ተረትና ምሳሌዎቻችን ውስጥ የዚህን ያህል ጠልቆ የገባ አላውቅም።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። መቁረስ የእንጀራና የዳቦ ነው። ሥጋ ይቆረጣል፣ እንጨት ይቆረጣል፤ ዳቦ ግን ይቆረሳል። ቁራሽም ቁርስም የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው። ስለዚህ አባባሉ ከየት እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ከማዕድ ነው። መጀመሪያ ተናገረው የሚባል ሰው የለም፤ የብዙ ቤት ትዝብት ነው። ድፎ ዳቦው መሐል ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ይባርካል። ከዚያ አንዱ ቢላ ያነሳል። ዳቦው አንድ፣ የሚጠብቀው ዓይን ብዙ ነው። የቆራሹ እጅ የራሱ ድርሻ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሰፋ ይላል። አስቦበት ላይሆን ይችላል፤ እጁ ነው የሚያውቀው።

የቃላቱ አሰካክም ልብ ይባል። «ሲቆርሱ»፣ «አያሳንሱ»፤ ቤት መምታቱ ለጆሮ ይጥማል፣ ለማስታወስም ይቀላል። ባለቤቱ ግን አልተጠራም። «እሱ» አላለም፣ «አንቺ» አላለም። ሰው ሁሉ ነው። ሌላውን ልንወቅስበት ብናነሳውም እኛኑ ይጨምረናል። ደግሞ «አያሳንሱ» በአክብሮት ለምናናግረው ሰው ትእዛዝም ይሆናል፤ «አያሳንሱ እንጂ፣ ጨመር ያድርጉ» እንደማለት። አንዳንዱ አባባሉን እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚይዘው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። «ምን ላድርግ፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ» ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው እንዲህ ያደርጋል ማለት፣ እንዲህ ቢያደርግ ልክ ነው ማለት አይደለም። አባባሉ የሚታዘበው የሰውን ጠባይ ነው፤ ፍርዱን ለእኛ ትቶታል።

ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል፣ ከ2,300 ዓመት በፊት፣ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ተናግሯል፦ ብዙ ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ መጥፎ ዳኛ ነው። የእኛዎቹ ይህንኑ በዳቦ ተናገሩት።

ተናግረውም ዝም አላሉም፤ መላ አበጁለት። ቅርጫን አስቡት። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። ይታረዳል፣ ከዚያ ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል። ከጉበቱ፣ ከሽንጡ፣ ከአጥንቱ ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እኩል ይጣልለታል። አከፋፋዩም እንደማንም ድርሻ አለው። ግን የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም፤ ዕጣ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን መደብ ቢያሳንስ፣ ያ መደብ ለራሱ ሊደርስ ይችላል። ልጅ ሆኜ መደቡን እያየሁ «የቱ ይበልጣል?» ስል ትልልቆቹ ይስቁብኝ ነበር። የሚበልጥ እንዳይኖር ተብሎ ነው ነገሩ የተበጀው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ከቅርጫ ብዙ አይርቅም። የአገርን ሕግ ስታወጡ፣ በዚያ አገር ሀብታም ሁናችሁ ትወለዱ ወይም ድሃ፣ ጤነኛ ወይም በሽተኛ፣ እንደማታውቁ አስቡ ይላል። ይህንንም «የአለማወቅ መጋረጃ» ብሎታል። ዕጣው ሳይወጣ ሥጋውን መድቡ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የሚቆረሰው ዳቦ ሳይሆን ዕድሜ ሲሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ቤልዲንግ ስክሪብነር የተባሉ ሐኪም ከክንድ ጋር የሚቆይ ትንሽ ቱቦ ሠሩ። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ የኩላሊት እጥበት አዲስ የደም ሥር መክፈት ግድ ነበር። ስለዚህ ኩላሊታቸው ጨርሶ ለደከመ ሰዎች እጥበቱ ዘላቂ ሊሆን አልቻለም። በቱቦው ግን አንድ ሰው ለዓመታት እየታጠበ መኖር ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ማዕከል ተከፈተ። ችግሩ አልጋው ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ፣ ወጪውም ከባድ መሆኑ ነበር። ያልተመረጠ ይሞታል።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ በሕክምና ነገር ለዩ። ለምሳሌ ሕፃናትና ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ አልተካተቱም። ከቀሩት መካከል ማን ይኑር የሚለውን እንዲወስን ሰባት ሰው ያለው ኮሚቴ ተሰየመ። ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና ቀዶ ሐኪም ነበሩበት። ስማቸው ለሕዝብ አልተነገረም። በዚያው ዓመት ላይፍ መጽሔት ጉዳዩን ሲያወጣው አገር ተነጋገረበት።

ኮሚቴው ምን ምን አየ? ትዳር አለው ወይ፣ ስንት ልጅ ያሳድጋል፣ ገቢው ስንት ነው፣ ምን ተማረ፣ ምን ይሠራል፣ ወደፊትስ ምን ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግልና በማኅበር የሚሳተፍ ሰው ክብደት ነበረው። እነዚህ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ጉቦ አልበሉም፣ ለዘመዳቸው አላዳሉም። ግን የሚያደንቁትን ሕይወት ሚዛን አደረጉት፤ ያ ሕይወት ደግሞ የራሳቸው ሕይወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ የሕግ መምህርና አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን አሠራር አጥብቀው ተቹት። ብቻውን ለሚኖር፣ ከማኅበረሰቡ ወጣ ላለ ሰው በዚያ አልጋ ላይ ቦታ አልነበረውም።

እኔ አባባሉን በደንብ የተረዳሁት ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው። «ለራስ» ሲል ለካ እኔን ብቻ ማለት አይደለም። እኔን የሚመስለኝም ውስጡ አለ። የኮሚቴው አባላት ለራሳቸው አንድ ቁራሽ እንኳ አልቆረሱም። ለሚመስላቸው ግን አላሳነሱም።

የሥነ ምግባር ፈላስፎችን ወደዚያ ክፍል ብናስገባ ይለያያሉ። የእነ ቤንታምና ሚል መንገድ ለብዙ ሰው ብዙ ጥቅም የሚያመጣውን ምረጡ ይላል። ስድስት ልጅ የምታሳድግ እናት ብትድን ሰባት ሰው ይጠቀማል። ስሜቴ ወደዚህ ያደላል፣ አልክድም። ካንት ግን ይቆጣል። ዕቃ ዋጋ አለው፣ ሰው ግን ክብር አለው፤ ክብር ደግሞ ተመዝኖ አይበላለጥም ይላል። ጄምስ ቺልድረስ የተባለ የሥነ ምግባር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ከዚሁ ጋር የሚስማማ ሐሳብ አቀረበ። በሕክምና የሚጠቀሙት ከተለዩ በኋላ፣ የቀረውን ዕጣ ይወስነው አለ። የቅርጫ ዕጣ ማለት ነው።

ዕጣ ጨካኝ ይመስላል። እናቲቱንና ብቸኛውን እኩል ያያል። ያም ሆኖ እኔ ከቺልድረስ ጋር ነኝ። ዕጣ የማንንም ፊት አይቶ አይራራም፤ የማንንም ፊት አይቶም አይንቅም። «ጠቃሚ ሰው» የሚለውን ሚዛን ያበጀው ሁልጊዜ ሚዛኑ ላይ ያልወጣው ሰው ነው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

በአሜሪካ ጥያቄው የተቃለለው ዳቦው ሲሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሕግ ለአብዛኛው የኩላሊት ታማሚ የእጥበቱን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። አልጋውም በዛ።

እኛ ጋ ዳቦው ገና ጠባብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እጥበት በየሳምንቱ የሚደጋገም ወጪ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ይጨርስበታል። ከዚያ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «እባካችሁ ወገኖቼ» የሚል ጽሑፍ ስልካችን ላይ ይመጣል። በየቦታው ኮሚቴ የለም፤ እያንዳንዳችን ኮሚቴ ነን። ለታዋቂው ይዘንባል። የማንም ያልሆነው ይጠብቃል።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጥሪ ደረሰኝ። ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም ኩላሊት ናቸው። አንደኛው የአገሬ ልጅ ነው፤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ለእሱ ወዲያው ላክሁ፣ ለጓደኞቼም አጋራሁ። ሁለተኛዋን አላውቃትም፣ የመጣችበትን ከተማም አይቼው አላውቅም። «ደሞዝ ሲወጣ» ብዬ አለፍኩ። ደሞዝ ወጣ፣ ረሳሁት። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ትዝ አለችኝና መልእክቱን ወደ ኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ቁጥሩ ይሠራል። ስልኩን ያነሱት እናቷ ናቸው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬም እጥበት ላይ ናት» አሉኝ።