ያገለገለ ጀልባን ያለ ደላላ መሸጥ፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

በአሜሪካ የጀልባ ደላላ በተለምዶ ከሽያጩ 10 በመቶ ያህል ይወስዳል። ጀልባው 40,000 ዶላር ቢያወጣ 4,000ው የደላላው ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ገንዘብ ለራሱ ለማስቀረት ከግለሰብ ገዢ ጋር ፊት ለፊት ሲዋዋል ሽያጩ የቀጥታ ሽያጭ ይባላል። ደላላው ግን ገንዘቡን በነፃ አልነበረም የሚወስደው፤ ዋጋ ይተምናል፣ ገዢ ያጣራል፣ ቀብድ በአደራ ይይዛል፣ የስም ማዛወሪያውን ወረቀት ያስጨርሳል። በቀጥታ ሽያጭ ይህ ሁሉ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ደንቡ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ እዚህ ላይ የምናተኩረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ማለትም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው።

ያገለገለ ጀልባ እንዲህ ሰፊ ገበያ ያገኘው በፋይበርግላስ ምክንያት ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የፋይበርግላስ ቀፎ (ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የጀልባው አካል) እንደ እንጨት ቶሎ ስለማይበሰብስ ጀልባው ከመጀመሪያ ባለቤቱ አልፎ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው ይተርፋል። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ግን ጥቂት ወራት አገልግሎ ውኃ ሲጠጣ በአዲስ ይተካል፤ ለሁለተኛ ገዢ የሚቆይ ዕድሜ የለውም። ለአርባ ዓመት የሚንሳፈፍ ዕቃ ግን የአርባ ዓመት ታሪክ፣ ጥገናና ዕዳም ይዞ ይዞራል። በዚህ ንግድ ከባዱ ነገር ሞተሩ ሳይሆን ይህ ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቀፎ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1972 ወዲህ በአሜሪካ ለገበያ የተሠራ ጀልባ ሁሉ እንደ መኪና የሻንሲ ቁጥር ያለ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ አለው። የሚገኘው በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ነው። ከ1984 ወዲህ በተሠሩት ላይ ያው ቁጥር በሌላ ስውር ቦታም ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች አምራቹን፣ ቀጣዮቹ አምስት ተከታታይ ቁጥሩን ያሳያሉ፤ ከ1984 ወዲህ በተሠሩት ላይ ደግሞ ዘጠነኛው ፊደል የተሠራበትን ወር፣ አሥረኛው አኃዝ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። ሻጭ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ይህን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ቢያመሳክር ይበጀዋል። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ገዢው ስም ለማዛወር ሲሄድ ይመለሳል፤ ገንዘብ ከተቀባበሉ በኋላ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል።

የጀልባው ሊብሬ ታይትል ይባላል። በሜሪላንድ የሚሰጠው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው። የምዝገባው ቁጥር በጀልባው ፊተኛ ክፍል በሁለቱም ጎን ይጻፋል፤ አጠገቡም ቦሎ የሚመስል ምልክት ይለጠፋል። ጀልባው ከነተጎታቹ የሚሸጥ ከሆነ ተጎታቹ በሕግ ፊት የተለየ ንብረት ስለሆነ ወረቀቱም ለብቻው ነው። በሽያጭ ውሉ ላይም ራሱን ችሎ ከነቁጥሩ ይጻፋል።

ከፍ ላሉት ጀልባዎች ሌላ መንገድ አለ። አምስት ኔት ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ በፌዴራል ደረጃ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሊመዘገብ ይችላል። ኔት ቶን እዚህ ላይ የክብደት ሳይሆን የይዘት መለኪያ ነው። መዝገቡ የሚጠበቀው በዌስት ቨርጂኒያ ፎሊንግ ዋተርስ ባለው ብሔራዊ የመርከብ ምዝገባ ማዕከል ሲሆን፣ ሻጩ የሚፈርመው የማዕከሉን የሽያጭ ቅጽ ነው፤ ፊርማውም እንደ ውልና ማስረጃ በሚያገለግለው ኖተሪ ፊት ይረጋገጣል። ለእኛ ሰው አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ይህ የፌዴራል ምዝገባ ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ገዢ ጀልባውን መግዛት ቢችልም በዚያ መዝገብ ላይ ማቆየት አይችልም፤ ከፌዴራሉ አሰርዞ በግዛት ታይትል ማውጣት አለበት። ይህን ከቀብድ በፊት መነጋገር ነው እንጂ፣ በርክክቡ ቀን ሲታወቅ ሻጩንም ገዢውንም ለሳምንታት ያስጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መኪና ሲሸጥ «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚል ወረቀት አይተን ልባችን ያርፋል። በጀልባ ግን ወረቀቱ ብቻውን ልብ አያሳርፍም። በባሕር ሕግ አንዳንድ ዕዳ ከባለቤቱ ይልቅ በጀልባው ላይ ይጣበቃል። ሞተር ያደሰ መካኒክ፣ ነዳጅ የሞላ፣ የጎተተ፣ ከአደጋ ያዳነ ሰው ካልተከፈለው መብቱ ጀልባውን ተከትሎ ይሄዳል፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይጻፍም ሊኖር ይችላል። ምንም የማያውቀው አዲሱ ባለቤት አንድ ቀን ጀልባው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ ሊያገኘው ይችላል። በፌዴራል የተመዘገበ ጀልባ የባለቤትነትና የዕዳ ታሪኩን የሚያሳይ ሰነድ ከማዕከሉ ይወጣለታል፤ እሱም ቢሆን የሚያሳየው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ሽያጭ የሻጩ የጥገና ደረሰኝ፣ የማሪናው (የጀልባ ማቆሚያ ወደቡ) «ዕዳ የለበትም» ደብዳቤ፣ ከባንክ ተበድሮ ከሆነም ብድሩ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከማንኛውም ቀለም ቅብ ይበልጣሉ። ሻጩ ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ማኅደር አደራጅቶ ገዢው ሳይጠይቀው ቢያቀርብ የሚደራደረው በሌላ ጉልበት ነው።

ዋጋ ሲወጣ የአሜሪካ ገበያተኛ መነሻ የሚያደርገው በሰፊው የሚታወቁ የዋጋ መመሪያዎችን ነው፤ ከነዚህ አንዱ በቀድሞ ስሙ ናዳ ይባል የነበረው የጄ ዲ ፓወር ነው። ወቅቱም ዋጋ አለው። በቼሳፒክ ዙሪያ ብዙ ጀልባ በጥቅምትና በኅዳር ከውኃ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይከርማል። በጥር የሚሸጥ ሰው ሞተሩን በውኃ ላይ ማሳየት አይችልም። ገዢውም የሚፈራው ነገር አለ፤ ከክረምቱ በፊት በደንብ ያልተራገፈ ሞተር ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሠርቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው በሚያዝያ ነው። የፀደይ ሽያጭ ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነው።

ጥንቃቄ ያለው ገዢ የጽሑፍ ስምምነት ፈርሞ ቀብድ ይከፍላል፤ ቀብዱም ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው። በስምምነቱ ላይ ሽያጩ የሚጸናው ባለሙያ መርምሮትና ውኃ ላይ ተሞክሮ ገዢው ሲቀበለው እንደሆነ ይጻፋል። ምርመራው ካልጣመው ቀብዱ ይመለስለታል። መርማሪው ሰርቬየር ይባላል፤ የሚመርጠውም የሚከፍለውም ገዢው ነው። ጀልባውን ከውኃ አስወጥቶ ቀፎውን በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ጠንካራ ድምፅ ጤና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከፋይበርግላሱ ሥር የበሰበሰ እንጨት ሊሆን ይችላል። የሞተር ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ማሞቅ የለበትም፤ ያወቀ ገዢ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ይፈትሻል፣ ሙቅ ሆኖ ካገኘው ሻጩ የሚደብቀው አለ ብሎ ይጠረጥራል።

ግለሰብ ሻጭ ጀልባውን «ባለበት ሁኔታ» መሸጥ ይችላል፤ ነጋዴ ስላልሆነ ሕጉ በራሱ ዋስትና አያስገባውም። ይህ ግን ለመዋሸት ፈቃድ አይደለም። እያወቀ «ወለሉ ደህና ነው» ያለ ሰው በማታለል ሊከሰስ ይችላል። የሚታወቀውን ጉድለት በውሉ ላይ ዘርዝሮ ገዢውን ማስፈረም ሻጩን ይጠብቀዋል፤ ጀልባው ላይ ልጆቹን ጭኖ የሚወጣውን ቤተሰብ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

ግብሩን የሚከፍለው ገዢው ነው። ሜሪላንድ 5 በመቶ ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያ 2 በመቶ፣ እሱም ከ2,000 ዶላር አያልፍም። ያ የ40,000 ዶላር ጀልባ በሜሪላንድ 2,000፣ በቨርጂኒያ 800 ዶላር ይከፈልበታል። ሆኖም ምዝገባውን የሚወስነው የገዢው ምርጫ ሳይሆን ጀልባው በዋናነት የሚያገለግልበት ግዛት ነው። ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ አገር ቤት የለመድነው ነገር ቢሆንም እዚህ የተጻፈው ዋጋ ከገበያው ዋጋ ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ በሐሰተኛው ዋጋ ላይ የሚፈርመውም ሻጩ ራሱ ነው።

የክፍያው ሰዓት ሻጭ በብዛት የሚጎዳበት ነው። የታወቀው ማጭበርበር እንዲህ ይሄዳል፦ ጀልባውን ሳያይ የተስማማ «ገዢ» ከዋጋው የበለጠ የባንክ ቼክ ይልካል፤ አገር ቤት ሲፒኦ የምንለው ዓይነት ነው። ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ ይላል። ባንኩ ገንዘቡን በማግሥቱ ሒሳብ ውስጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ግን ከሳምንታት በኋላም ሊታወቅ ይችላል፣ የተላከውም ገንዘብ አይመለስም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከገዢው ጋር ወደ ራሱ ባንክ አብሮ ሄዶ ቼኩ ዓይን እያየ ሲዘጋጅ መቀበል፣ ወይም የሐዋላው ገንዘብ መግባቱን ራሱ ባንኩን ጠይቆ ማረጋገጥ። ታይትሉ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተፈረመ በኋላ ሻጩ ጀልባው መሸጡን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ አደጋ በደረሰ ጊዜ መርማሪ የሚያገኘው የእሱን ስም ነው። ኢንሹራንሱንም የሚያቋርጠው ርክክቡ በጽሑፍ ካለቀ በኋላ ነው።

ርክክቡ በቁልፍ ብቻ አያልቅም። ውኃ የሚያስገቡት ቫልቮች የት እንዳሉ፣ የሆዱን ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ በየትኛው ማብሪያ እንደሚነሳ፣ እሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ አዲሱ ባለቤት በዓይኑ ማየት አለበት። ሞተሩ በቀፎው ውስጥ የተቀመጠ የቤንዚን ጀልባ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማራገቢያው አራት ደቂቃ እንዲሠራ በማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሆዱ ውስጥ ይተኛል፣ አንዲት የእሳት ብልጭታም ትበቃዋለች። ሻጩ ሰሌዳውን አሳይቶ፣ ማራገቢያውን በገዢው እጅ አስነስቶ አራቱን ደቂቃ አብሮት ይቁም።