ማዲያት ምንድን ነው? ለምንስ ጠፋ ሲሉት ይመለሳል?

ማዲያት ፊት ላይ የሚወጣ፣ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ያደላ የቆዳ መጥቆር ነው። አያምም፣ አያሳክክም፣ አይላላጥም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ጉንጭን፣ ግንባርን፣ አፍንጫንና ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ቦታ ይወዳል። ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፤ ቀኝ ጉንጭ ላይ ከታየ ግራውም ላይ አይጠፋም። ሐኪሞች ሜላዝማ ይሉታል። ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶችም ግን አያመልጡም። ባሕር ዳር ከተማ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የሚውል ሰው ጉንጩና ግንባሩ ላይ ቢወጣበት አይገርምም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ማዲያት መድኃኒት ተወስዶለት "በቃ፣ ዳንኩ" የሚባልለት ነገር አይደለም። ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሚቀሰቅሰውን ነገር ካላራቁት ግን ይመለሳል። ይህን ማንም ያልነገረው ሰው፣ በተመለሰ ቁጥር "ቅባቱ አልሠራም" ይልና ኃይሉ ወደ ባሰ ሌላ ቅባት ይሄዳል። ማዲያት ብቻውን ፊት አያበላሽም። የሚያበላሸው ይህ ከቅባት ወደ ቅባት መዞር ነው።

ለምን ይወጣል?

ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ቀለሙ ሜላኒን ይባላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ለቆዳው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ማዲያት ያለበት ሰው ፊት ላይ እነዚህ ሕዋሳት በአንዳንድ ቦታ ከልክ በላይ ንቁ ሆነዋል። ለሌላው ሰው ምንም የማትመስል ፀሐይ እነሱን ለመቀስቀስ ትበቃለች። ፊቱ ጠርቶም ቢሆን ይህ ንቃት ቶሎ አይለቃቸውም። ክረምቱን ደብዝዞ የከረመው ማዲያት በጥቅምት ፀሐይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ዘር አንዱ ምክንያት ነው፤ እናቷ ወይም እህቷ ማዲያት ያለባት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ሌላው ሆርሞን ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንዳንዷ ላይ ግን እዚያው ይቀራል። የወሊድ መቆጣጠሪያም ሊያመጣው ይችላል፤ በተለይ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል። መርፌውን የሚወስዱም ላይ ይታያል።

"ታዲያ ነገውኑ ላቋርጠው?" እንዳትሉ። ያልታሰበ እርግዝናም ያው ማዲያት ያመጣል! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም የጤና ጣቢያ ነርሷን አማክሮ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕም አለ። "ጉበቴ ተጎድቶ ነው" ወይም "ደሜ ቆሽሾ ነው" እያሉ የሚጨነቁም አሉ። ማዲያት ወጣ ማለት ጉበት ታመመ ማለት አይደለም።

ብርዱ ያታልላል

ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ሙቀቱን አይረሳውም። ድልድዩ ጋ አየሩ ያፍናል። ደጀን ሲወጡ ንፋሱ ይቀበላቸዋል፤ መንገደኛው ሁሉ "ተገላገልን" ይላል። ለቆዳ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ጨረር (በዓይን የማይታየው፣ ቆዳን የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር) ለየቅል ናቸው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከላያችን ሆኖ የሚያጣራልን አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሰማዩ እኩል ጥርት ባለበት ቀን፣ ማርቆስ ላይ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በሸሚዝ ከተቀመጠው የበለጠ ጨረር ያገኘዋል። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡማ ይብሳል።

በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል። ደመና ነው ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል። ከባዱ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ነው። ሰዓት ማየት ካልተመቻችሁ ጥላችሁን እዩ። ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች።

እንግዲህ ዋናው መድኃኒት እዚህ ጋ ነው። ፀሐይን ሳይከላከሉ ቅባት መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ይህን ስል ደፍሬ ነው። ለገበያም ለቤተ ክርስቲያንም ጃንጥላ ይዘው የሚወጡት እናቶች ልክ ናቸው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብዙ አይከላከልም፤ ደርበው ሲከናነቡት ይሻላል። ከፊት ብቻ ምላስ ያለው ኬፕ ጉንጭን ይተወዋል። ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ይመረጣል፤ አጨዳና ውቂያ ላይ ለሚውል ሰው በተለይ።

ሳንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) የሚገዛ ሰው የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ ኤስፒኤፍ የሚባለው፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች፣ ዩቪኤንም ዩቪቢንም፣ የሚከላከለውን ይምረጥ። መጠኑ ላይ ብዙዎቻችን እንቆጥባለን። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው። ውጭ የሚውል ሰው በየ2 ሰዓቱ መድገም አለበት። ለማዲያት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዓይናችን የምናየው ተራው ብርሃንም ጠይም ቆዳን ያጠቁራል፤ ቀለም የሌለው ሳንስክሪን ይህን እምብዛም አይከላከልም። አይረን ኦክሳይድ የገባበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ይከላከላል። ፊትንም አመድ የነካው አያስመስልም። ዋጋው ግን ይቆነድዳል። አቅም ከሌለ ጃንጥላና ባርኔጣ ይቅደሙ። መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ዳር መቀመጥም ከለላ አይሆንም፤ ዩቪኤ በመስታወት ያልፋል።

እሳትም አለ። ሙቀት ብቻውን ማዲያትን ያባብሳል። እንጀራ ስትጋግር፣ አረቄ ስታወጣ የምትውል ሴት ሳንስክሪን ተቀብታም ለምን እንደባሰባት ግራ ሊገባት ይችላል። እሳቱ የተከደነ ምድጃ፣ ጭስና ወላፈን ማስወጫ ያለው ማድ ቤት፣ አክንባሎውን ሲያነሱ ፊትን ዞር ማድረግ፤ እነዚህ ቀላል ነገሮች ይረዳሉ።

ሎሚና "በሳምንት ልቅም"

ፊት ላይ ሎሚ መቀባት ይቅር። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። ቃጠሎው ሲድን ከማዲያቱ የባሰ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ፊትን በሻካራ ጨርቅ መፈተግም እንዲሁ ነው፤ የተቆጣ ቆዳ ይጠቁራል።

ዋናው ጉዳት የሚመጣው ግን ከሱቅ ነው። "እህቴ፣ ይቺን ተቀቢ፤ በሳምንት ልቅም አድርጋ ነው የምታጠፋልሽ።" የሚያሳዝነው፣ ሻጩ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ፊት ይጠራል። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ፊት የሚያቀላ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ አለ።

የመጀመሪያው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ነው። ለሌላ በሽታ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ፀጉር ይበቅላል። ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ማዲያቱም ብሶበት ይመለሳል። ስለዚህ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ማቆም ያቅታቸዋል። ብዙ ጊዜ ሲቀቡት የቆዩ ሰዎች በራሳቸው ድንገት ከሚያቆሙት በሐኪም ክትትል ቢተዉት ይሻላል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። እሱ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ የማዲያት ዋና መድኃኒት ነው። ችግሩ መጠኑ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቀባ ነው። ያኔ ኦክሮኖሲስ የሚባል ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ እሱን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 እ.ኤ.አ. ከፊት ማቅያ ቅባቶች ውስጥ ያስወጣው በከንቱ አይደለም። ሦስተኛውና የከፋው ሜርኩሪ ነው። በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። የሚቀባውን ሰው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚተኛውን ሕፃን ጭምር ያገኘዋል።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ምን ይሰጣል?

ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። የቆዳ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው 4 በመቶ ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይን (ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ መድኃኒት) እና ከቀላል ስቴሮይድ ጋር አንድ ላይ በመስጠት ነው። ማታ ማታ፣ ለጥቂት ወራት፤ ከዚያ ይቆማል። እንዲህ ሦስቱን የማዋሃድ ሐሳብ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ስቴሮይዱ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ መጠኑ፣ ጊዜውና የሚከታተል ሰው መኖሩ ነው። አዜላይክ አሲድ ዝግ ያለ ነገር ግን ረጋ ያለ አማራጭ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትም አለ፤ ደም የመርጋት ታሪክ ላለበት ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ በጓደኛ ምክር አይጀመርም። ሌዘርና ፊትን በኬሚካል መላጥ ለጠይም ቆዳ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ሳይመጥኑ ሲቀሩ ራሳቸው ያጠቁራሉ።

ለውጥ ለማየት 2 ወይም 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ደብዝዞ ካለቀ በኋላም ጃንጥላውና ሳንስክሪኑ ይቀጥላሉ። "አሁንማ ጠራ" ብለው ሁሉንም አንድ ላይ የሚተዉ ናቸው በቀጣዩ በጋ እንደ አዲስ የሚጀምሩት።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ትሬቲኖይንም ሃይድሮኪኖንም አትቀባ። ፀሐይን መከላከል ይበቃታል፤ ግድ ካለ ሐኪሟ አዜላይክ አሲድ ሊያዝላት ይችላል። ብዙው ጊዜ ከወሊድ በኋላ ስለሚቀንስ መታገሥ አይጎዳም።

ጥቁር ነገር ሁሉ ደግሞ ማዲያት አይደለም። ብጉር ትቶት የሚሄደው ነጥብ የተለየ ነው፤ እሱ የሚቆመው ብጉሩ ሲታከም ነው። አንገት፣ ደረትና ጀርባ ላይ የሚወጣው፣ ሲፍቁት እንደ ዱቄት የሚረግፈው ቋቁቻ የፈንገስ ሥራ ነው፤ በፈንገስ መድኃኒት ይለቃል። ቀለሙ ከተቀየረው ቦታ ላይ መንካት ወይም መውጋት የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። እግር መርገጫ ላይ ወይም ጥፍር ሥር ወጥቶ እየሰፋ፣ ቅርፁ እየተቀያየረ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ካለም ቅባት ሳትሞክሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ በጠይም ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ ነው።