የጫጉላ ሽርሽር በሳፋሪ፣ በወይን እርሻና በውብ መልክዓ ምድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ ቀለበት መርጠው ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ጉዞ ወኪል የሚያቀኑ እጮኞች ከዱባይና ከዛንዚባር ሌላ ሲያስቡ፣ የዱር እንስሳትን፣ የወይን እርሻንና ለዓይን የሚማርክ መንገድን በአንድ ጉዞ የሚያጣምር ጫጉላ ይመኛሉ። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ በቀዳሚነት የምትጠቀሰው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ የአምስት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ነው። ምኞቱ የሚደረስበት ነው፤ ዕቅዱ ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳቱ ግምቶች ላይ ይመሠረታል።

«ከሠርጉ ማግስት መሄድ አለብን፤ ወቅቱ ለውጥ አያመጣም»

ትልቁ ስሕተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ወቅቱ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። በሠርግ ወራችን በጥር፣ በኬፕታውን ዙሪያ ሞቃትና ደረቅ በጋ ነው፤ በስቴለንቦሽና በፍራንሽሁክ ሸለቆዎች የወይን ለቀማ የሚጀምረውም በዚሁ ወር መጨረሻ አካባቢ ሲሆን እስከ መጋቢት ይዘልቃል። በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሉት የዝናብ ወራት ናቸው፤ ሣሩ ይረዝማል፣ ቁጥቋጦው ይደፈናል፣ ውኃ በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳቱ ይበታተናሉ፣ የወባ ሥጋትም ከፍ ይላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ነገሩ ይለወጣል፤ ክሩገር ደርቆ እንስሳቱ በቀሩት ወንዞችና ኩሬዎች ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ ኬፕታውን ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናባማ ክረምት ውስጥ ትገባለች፤ የወይን ተክሉም ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ግንድ ሆኖ ይቆማል።

ሁለቱን የሚያስማማው ጊዜ ጠባብ ነው። አንደኛው የሚያዝያ መጨረሻና የግንቦት መጀመሪያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የወይኑ ቅጠል ወርቃማ ሆኗል፣ ክሩገርም መድረቅ ጀምሯል። ሁለተኛው መስከረም ነው፤ በኬፕታውን በኩል ጸደይ ገብቶ ከሄርማነስ ዳርቻ ዓሣ ነባሪዎች የሚታዩበት፣ በክሩገርም ደረቁ ወቅት የሚጠናቀቅበት ወር። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የሚጋቡ ጥንዶች ሳያስቡት ከሁሉ የተሻለውን ወቅት ያገኛሉ። በጥር ለሚጋቡት ደግሞ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታዮች ከሆኑ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቅልቅልና መልሱ እስኪያልቅ ተጠብቆ የሚቀረው ቀን በአንዳንድ ዓመት እጅግ ጥቂት ነው። በጾም ወይን መቅመስ የሚመጣ ነገር አይደለምና፣ ጉዞውን ወደ መስከረም ማስተላለፍ ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ የሚበልጥ ውሳኔ ይመስለኛል። ሽርሽሩ ስለዘገየ ጫጉላነቱ አይቀርም። በጥር መሄድ የግድ ከሆነም ጉዞው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ክሩገር ለምለም ነው፣ ከሩቅ የመጡ ወፎች ሞልተውበታል፣ ግልገሎችም ይታያሉ፤ አንበሳ በየመታጠፊያው መጠበቅ ግን አይገባም።

«ሁሉም በአንድ አገር ስላለ በአንድ ሳምንት ይጠናቀቃል»

ከኬፕታውን እስከ ክሩገር ያለው የመኪና መንገድ ከ1,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቀጥታ በረራው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ መኪና ለመልክዓ ምድሩ፣ አውሮፕላን ለርቀቱ ተብሎ መከፋፈል ይሻላል። ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ ወደ ክሩገር በመኪና የሚሄድ ሰው በብላይድ ወንዝ ሸለቆ በኩል ቢያልፍ ያ መንገድ ራሱ አንዱ የጉዞው ግብ ይሆንለታል። በኬፕታውን በኩል እ.ኤ.አ. በ1922 ተመርቆ የተከፈተው፣ በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 114 ጠመዝማዛዎች ያሉት የቻፕማንስ ፒክ መንገድ ለግማሽ ቀን ይበቃል። በቴብል ተራራ የሚወጣው የገመድ ሠረገላ ግን ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል፤ ስለዚህ ለእሱ የተወሰነ ቀን ከመመደብ ይልቅ በደረሱበት ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከረገበ ወዲያውኑ መውጣት ነው። የጋርደን ሩት የባሕር ዳርቻ ጉዞ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል፤ አሥር ቀን የሌለው ሰው ቢተወው ይሻላል።

«ሳፋሪ ለሀብታም ብቻ ነው፤ አምስቱ ታላላቅ እንስሳት ካልታዩም ከንቱ ነው»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በሳፋሪ ስም ይሸጣሉ። እንደ ሳቢ ሳንድ ያሉ ከክሩገር ጋር በአጥር ያልተለዩ የግል ጥብቅ ቦታዎች በእርግጥም ውድ ናቸው፤ በምላሹም ባለሙያ አስጎብኚ በክፍት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ነብር ይከተላል፣ በማታም ቅኝት አለ። ክሩገር ራሱ ግን የመንግሥት ፓርክ ነው። ማንም ሰው የተከራያትን ተራ የቤት አውቶሞቢል እየነዳ ይገባል፣ እንደ ስኩኩዛና ሎወር ሳቢ ባሉ ማረፊያ ካምፖች ጎጆ ተከራይቶ ያድራል፣ ራሱም ያበስላል። ግዴታው ከመንገድ አለመውጣት፣ ከመኪና አለመውረድና ከመምሸቱ በፊት ካምፕ መግባት ነው። ጥቂት ሌሊቶችን በካምፕ፣ አንዱን ወይም ሁለቱን በግል ሎጅ ማሳለፍ ወጪውንም ደስታውንም ያመጣጥናል።

አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስን «አምስቱ ታላላቅ» ያሰኛቸው በእግር ለሚያድናቸው ሰው አደገኛ መሆናቸው እንጂ ለጎብኚ የሚሰጡት ደስታ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ዝርዝር ይዞ መሮጥ ጫጉላን ወደ ፈተና ይለውጠዋል። ሙሽሮች ሊያስቡበት የሚገባው ሌላ ነገር የእንቅልፍ ሰዓት ነው። የጠዋቱ ቅኝት ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ ከሠርግ ድካም ሳያገግሙ በቀጥታ ወደ ሳፋሪ የሚሄዱ ሰዎች ዕረፍቱንም ሳፋሪውንም በደንብ አያጣጥሙም። ዕረፍቱ በኬፕታውን ይቅደም፣ ሳፋሪው ይከተል።

«የወይን እርሻ የሚጎበኘው ለመጠጣት ነው»

ስቴለንቦሽ እ.ኤ.አ. በ1679 የተመሠረተች፣ በባሉጥ ዛፎች የተሞላች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በፍራንሽሁክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1688 ጀምሮ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ስደተኞች ሰፍረውባታል። ተራራው፣ ነጫጭ ቤቶቹና ምግብ ቤቶቹ አልኮል ለማይቀምስ ሰውም ይበቃሉ። የሚቀምስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሁለት የፈረንሳይ ወይን ዘሮች እዚያው የተዳቀለውን ፒኖታዥ ይሞክር። በቅምሻ ወቅት መትፋት ነውር አይደለም፤ ሁሉንም ውጦ መንዳት ግን ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ያደርሳል፣ መኪናውም የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑ አይረሳ። ፍራንሽሁክ እርሻዎቹን እያዞረ የሚያስጎበኝ የወይን ትራም ስላላት በእሱ መሄድ ይቀላል።

«ቪዛውና ወረቀቱ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል»

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለደቡብ አፍሪካ ቪዛ አስቀድሞ ማግኘት አለበት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ለማያያዝ የሚፈልጉ ጥንዶች የማዘጋጃ ቤቱን ጋብቻ ከሠርጉ በፊት ቢፈጽሙ ይቀላቸዋል፤ በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም ስለማትወርስ ባልና ሚስት መሆናቸውን ከፓስፖርታቸው ማንም አያውቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል፤ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን አንዴ ከተሰጠ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ክትባቱ ለነፍሰ ጡር ሴት በአብዛኛው አይመከርምና ሙሽራዋ አስቀድማ ሐኪም ማማከር ይኖርባታል።

«እንዲህ ያለ ጉዞ በአገር ውስጥ አይገኝም»

በቀጥታ ተነጻጻሪ አይደለም፤ ዝሆንና አንበሳን በቀላሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ነገር ግን በጥር ለተጋቡ ጥንዶች ወቅቱ በትክክል የሚገጥመው እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባቱ ወይም ዝዋይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሽያ» የተባሉትን ወይኖች ለገበያ ያቀረበው የካስቴል እርሻ አለ፤ ጉብኝት የሚፈልግ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ አለበት። ከዚያ በአብጃታ ሻላ ሐይቆች አልፎ በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወጣል፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለባት በዲንሾ የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ሲሆን፣ በሰነቲ አምባ ላይ ጠዋት ጠዋት አይጥ ሲያድኑ ይታያሉ። ከአምባው ወደ ደቡብ ሲወረድ መንገዱ ወደ ሐረና ደን ይገባል።

ከመነሣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ማጣራት ያስፈልጋል። በሰነቲ አምባ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ስለሆነ ከባቱ ተነሥቶ በዚያው ቀን ሰነቲ መውጣት ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ የመጀመሪያዋ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ይደርባት። የጥር ሌሊት በአምባው ላይ ውኃ በረዶ እስኪሆን ያቀዘቅዛልና ወፍራም ካፖርት የሠርጉ ሻንጣ ሲዘጋጅ አብሮ ይግባ።