ሳይክልና መኪና በሰሜን ሸዋ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ሰሜን ሸዋን በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበርና በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋሮቢት ያወርዳል። ሳይክሉም ሲኖትራኩም የሚጋሩት ይሄንኑ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ የሳይክል ስፖርት የቆየ ነው፣ በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ርቃ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ናት፣ ለሳይክል እንደሷ የሚመች የለም ብል አላጋነንኩም። ከተማው ውስጥ የሚያስቸግረው ባጃጅ ነው፣ ተሳፋሪ ሲያይ ፍሬቻ ሳያበራ ጥግ ይይዛል። የቆመ መኪና በርም አለ፤ ሹፌር በሩን በቀኝ እጁ ከከፈተ ትከሻው አብሮ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ሳይክል ያያል፣ ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

ከባዱ ጣርማበር ነው። ዋሻውን ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ሲሆን ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ነው ይባላል፣ ከዛ ወዲያ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ እስኪደረስ ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊት ጎማህንም በደንብ አታየውም፣ ዋሻው ውስጥ ደግሞ የመኪናው ድምፅ ስለሚያስተጋባ ከፊት ይምጣ ከኋላ አይለይም፣ እኔ አንዴ ከፊቴ ነው ብዬ ጥግ ስይዝ ከኋላዬ አይሱዙ በክርኔ አጠገብ አለፈ። ስለዚህ ከመግባት በፊት የኋላ ቀይ መብራት ማብራት፣ አንፀባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ ከባድ መኪና እየመጣ ከሆነ አፉ ላይ ቆሞ ማሳለፍ ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ጨምድዶ ይዞ መውረድ ጎማውን ያግላል፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ነው የሚወረደው። ሹፌርም በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬኑን ብቻ ካመነ ሲግል አይዝለትም።

መኪና ሳይክልን ደርቦ ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ ምክንያቱም የተሳቢ ንፋስ መጀመሪያ ገፍቶ ቀጥሎ ወደራሱ ይስባል፣ ሳይክል ነጂውም ከአስፋልቱ የተቦረቦረ ጠርዝ ሲሸሽ ወደ መሀል ይወጣል። ክላክስ ከሩቅ አንዴ በቂ ነው፣ ጆሮ ስር ሲነፋ መሪ ያስለቅቃል። ከኩርባ በፊት ደግሞ አይቀደምም፣ ቦታ እስኪገኝ ከሳይክሉ ኋላ መቆየት የሚፈጀው ትንሽ ደቂቃ ነው።