ነጭ ሆነ ማለት በሰለ ማለት አይደለም፦ በብር ጭቃ ጌጥ ስለመሥራት የሚነገሩ ስሕተቶች

በቤት ውስጥ በብር ጭቃ፣ ማለትም ብዙዎች ሜታል ክሌይ በሚሉት ነገር፣ ጌጥ መሥራትን ሳስተምር «ነጭ ሆኗል፤ ስለዚህ በስሏል» የሚለውን ሳልሰማ የጨረስኩት ሥልጠና የለም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱው ነው፤ ቀለል ያሉትን ግን አስቀድሜ ላንሣቸው።

«ብር የተቀባ ጭቃ ነው» ይባላል። አይደለም፤ እጅግ ደቃቅ የብር ዱቄት ከውኃና ከማያያዣ ጋር የተለወሰበት፣ ጃፓን ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። ሲተኮስ ውኃውም ማያያዣውም ይወጣሉ፤ የሚቀረው ብር ብቻ ነው።

«በምግብ ማብሰያ ምድጃ ይበስላል» የሚሉት ከፕላስቲክ ጭቃ ጋር አምታትተውት ነው። ያኛው በ130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጠነክራል፤ ብሩ ግን ቢያንስ 600 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል።

«መጠኑ አይለወጥም» የሚለው ደግሞ ጣት የማይገባበትን ቀለበት ሁሉ የሚያመርት እምነት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት የብር ጭቃዎች ከ8 እስከ 12 በመቶ ይኮማተራሉ፤ ስለዚህ ቀለበት ሲሠራ ከጣቱ ልክ አስፍቶ መሥራት ግድ ነው።

«ማንኛውም ፈርጥ አብሮ ይተኮሳል» ብሎ ዕንቁ ወይም የዛፍ ሙጫ ፈርጥ እሳት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ፈርጡን ያጣል። እንደ ዚርኮኒያ ያሉ በሰው እጅ የተሠሩ አንዳንድ ድንጋዮች ሙቀቱን ይችላሉ፤ ነገር ግን በራሳቸው ጊዜ ይቀዝቅዙ እንጂ ትኩስ እያሉ ውኃ ውስጥ አይነከሩ።

«ነሐሱም እንደ ብሩ ይተኮሳል» ለሚሉ፦ በነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ፣ አብዛኞቹ የነሐስ ጭቃዎች በከሰል ደቃቅ ተቀብረው በተከደነ ዕቃ ውስጥ ይተኮሳሉ።

አሁን ወደ ነጩ ነገር ልመለስ። እሳቱ ሲነካው ጭቃው በመጀመሪያ ትንሽ ይጨሳል፤ ማያያዣው ሲቃጠል ጥቂት ነበልባል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ጌጡ እንደ ኖራ ይነጣል። ተማሪው እዚህ ላይ እሳቱን ያጠፋል። ነጭነቱ ግን የሚነግረን የላይኛው ገጽ ሸካራ ስለሆነ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው እንደሚበትነው ብቻ ነው። በትክክል የበሰለውም ከእሳት ሲወጣ ነጭ ነው፤ ጥሬውም ነጭ ነው፤ ታዲያ ነጭነት ምን ይለያል?

ማያያዣው በተቃጠለበት ቅጽበት የብሩ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ተደግፈው ቆመዋል እንጂ አልተያያዙም። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ማቅለጥ ሳይሆን፣ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ቀስ በቀስ እርስ በርሳቸው እንዲጋጠሙና በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንዲጠብ ነው። ይህ ሥራ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይበላል። አምራቾች የሚጽፉት ዝቅተኛ ልክ፣ ለምሳሌ በ650 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ እውነትም ዝቅተኛ ነው፤ እኔ ፈርጥ የሌለውን የንጹሕ ብር ቀለበት በ900 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አቆየዋለሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ጉትቻ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ጉትቻ እንደ ቀለበት በየቀኑ አይጋጭም።

አንዲት ተማሪዬ ቀለበቷን በጋዝ ነበልባል ጥቂት ካሞቀች በኋላ በሽቦ ብሩሽ ፈተገችው፤ እንደ መስተዋት አበራ፤ የእኔንም ምክር ትርፍ ጥንቃቄ አድርጋ ቈጠረችው። በሦስተኛው ሳምንት ለሁለት ተሰብሮ መጣ። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ስናየው ውስጡ ግራጫና እንደ ስኳር እህል እህል የሚል ነበር፤ በጥፍር ሲጫሩት ይረግፍ ነበር። ያበራው ብሩሹ የደፈጠጠው ስስ ገጽ ብቻ ነው።

በነበልባል የሚተኩስ ሰው እንግዲህ ክፍሉን ያደብዝዝ፤ በደማቅ ብርሃን ውስጥ የጌጡ ግለት አይታይም። ደቂቃ መቍጠር የሚጀመረው እሳቱ ሲለኮስ ሳይሆን ጌጡ ሁለንተናው ብርቱካንማ ሆኖ ሲግል ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ትልቅነቱ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ ያንኑ ቀለም ይዞ ይቆይ። ገጹ በድንገት እንደ ውኃ ሲያብረቀርቅ መቅለጥ ጀምሯልና ነበልባሉን ወዲያው ማራቅ ነው። ከ25 ግራም የሚበልጠውን ግን ለእቶን ይተውት።

ጥርጣሬ ላለበት ሰው፣ ከዚያው ጭቃ ስስ ቁራጭ ከጌጡ ጋር አብሮ ይተኩስና በጉጠት ይጠፈው፦ የበሰለው ይታጠፋል፤ ያልበሰለው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ቁራጩ ከተሰበረ ጌጡን መጣል አያስፈልግም፤ ገና ሳይሰበር ወደ እሳቱ መልሶ የጎደለውን ጊዜ መጨመር ይቻላል።