የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምንድን ነው?

ስሙ ነው ያሳሳተን። «የመጀመሪያ ደረጃ» ሲባል የጀማሪ ቤት ይመስላል። እዚህ ብሸነፍ ምን አለ፣ ይግባኝ አለ፣ ሰበር (የመጨረሻው ችሎት) አለ እንላለን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምስክር የሚሰማው፣ ሰነድ የሚገለጠው፣ ማን ምን አደረገ የሚባለው የሚጣራው እዚሁ ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ብቻ ነው። ይግባኝ ሰሚውም ቢሆን ቤት የረሳችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ስለሄዳችሁ በሩን ወለል አድርጎ አይከፍትላችሁም።

በክልል ከሆናችሁ ይህ ቤት የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ልደታ፣ አራዳ፣ ቦሌ እያለ በምድብ ችሎት ተከፋፍሏል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት የፍትሐ ብሔር (የወንጀል ያልሆነ) ክርክሩ ከ10 ሚሊዮን ብር ካለፈ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ የተሳሳተ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን እንዳታቃጥሉ።

አሁን ለጓደኛችሁ 80 ሺህ ብር አበደራችሁ እንበል። ወረቀት የለም፣ ግን ስትሰጡት ሦስት ሰው አይቷል። «ምስክር አለኝ» ብላችሁ ትከሳላችሁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር ያለፈ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ የ1952 ነው፤ ያኔ 500 ብር ብር ነበር፣ ዛሬ አንድ ክትፎ ይገዛ እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎቻችሁ ቢምሉም ቢገዘቱም ዳኛው እጁ የታሰረ ነው።

ወረቀቱ አለ እንበል። ክሱ በጽሑፍ ይዘጋጃል፤ ጠበቃ ካላችሁ በጠበቃ፣ ከሌላችሁ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጽሑፍ የሚሠሩት ይጽፉላችኋል። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አብሮ ይገባል፣ «በኋላ አመጣለሁ» የሚባል ነገር ብዙ አያስኬድም። የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፣ ይህን የማያውቅ ስንት ሰው እቤቱ ቁጭ ብሏል መሰላችሁ። ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ) መዝገብ ይከፍታል፣ ቁጥር ይሰጣችኋል (ፎቶ አንሱት፣ ያለ መዝገብ ቁጥር እዚያ ግቢ ማንም አያውቃችሁም)፣ ለተከሳሹ መጥሪያ ይወጣል። እሱም መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት አስማሚ ሊመራም ይችላል። እዚያ ከተስማማችሁ ብዙ ቀጠሮ ተረፋችሁ።

ካልተስማማችሁ አንድ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። ዳኛው ሁለታችሁን ሰምቶ ጭብጥ ይይዛል፤ በአጭሩ «የተጣላችሁት በምኑ ላይ ነው?» ማለት ነው። ገንዘቡን ወስዷል ወይስ አልወሰደም? ወስዶስ ከፍሏል? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የሚያነሱት ጭብጦ ሌላ ነገር ነው፣ በእጅ ተጨብጦ የሚጋገር ቂጣ ነው፣ ግን ሁለቱም ከመጨበጥ የመጡ ናቸው፤ ጭብጥ ያልተያዘለት ክርክር እጅ ላይ አይቀርም። ከዚያ ምስክርና ሰነድ ይታያል፣ ፍርድ ይሰጣል። በቀጠሮ ቀን ቅሩና ጉድ ታያላችሁ። ተከሳሽ ከቀረ በሌለበት ሊታይ ይችላል፤ ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው በአንድ ወር ውስጥ አቤት ማለት ይችላል፣ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ግን ሁሌም አይሠራም።

የወንጀሉን በአጭሩ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። ዜና ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት «አራዳ ምድብ ችሎት 14 ቀን ጊዜ ፈቀደ» የሚለው የምርመራ ቀጠሮ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ችሎት ደግሞ በመርህ ለሁሉም ክፍት ነው። ጉዳይ ባይኖራችሁም ስልክ አጥፍታችሁ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ትችላላችሁ። እኔ አንድ ጠዋት ብትሄዱ እላለሁ፣ ከማንኛውም ድራማ ይሻላል።

ከተሸነፋችሁ በፍትሐ ብሔር ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ። ካሸነፋችሁ ደግሞ ገንዘቡ በማግስቱ ኪሳችሁ አይገባም። ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ ሌላ መዝገብ ታስከፍታላችሁ፣ የአፈጻጸም ይባላል። መኪናው የት ቆሟል፣ ደመወዙ በየት ባንክ ይገባል፣ ቤቱ በማን ስም ነው የሚለውን ፈልጋችሁ የምታመጡት እናንተው ናችሁ።